ስላረጀች ድመት ጤና አጠባበቅ

በዚህ አምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ እንግዳ አቀባበል ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ዛሬ ደግሞ በየቤቱ ምድጃ ሥር ተጠቅልላ ስለምትተኛው፥ ነገር ግን ማንም ከቤተ ሰብ ቍጥር ስለማያገባት ስለ ድመት፥ ይልቁንም ስላረጀችው ድመት ልንጽፍ አሰብን። ርእሱን የሰጡን አንዲት አንባቢያችን እመቤት ናቸው። በቤታቸው 12 ዓመት ሙሉ የኖረች ድመት ከጥቂት ወራት ወዲህ ከቀድሞው ይልቅ አብዝታ እየበላች ሳለ ሰውነቷ እየከሳ ስለ ሄደ፥ በሌሊትም እየተነሣች ስለምትጮኽ፥ «እርጅና መድኃኒት የለውም ብዬ ልተዋት ወይስ የሚደረግላት ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መልሱ ግን ትንሽ አይደለም።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው እርጅና ራሱ በሽታ አለመሆኑ ነው። ድመት 10 ዓመት ካለፋት በኋላ የእንስሳት ሐኪሞች ከሽማግሎች ቍጥር ያገቧታል። ዕድሜዋ በሰው ዕድሜ ሲመዘን የ10 ዓመት ድመት እንደ 56 ዓመት ሰው፥ የ15 ዓመቷ እንደ 76፥ የ20 ዓመቷ ደግሞ እንደ 96 ዓመት ባልቴት ናት ይላሉ። ከዚህም አልፎ የሚኖር አለ። በአሜሪካ አገር፥ በቴክሳስ ግዛት፥ በኦስቲን ከተማ የኖረችው ክሬም ፐፍ የምትባል ድመት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ተወልዳ በ2005 እስክትሞት ድረስ 38 ዓመት ከ3 ቀን በምድር ላይ ቈይታለች። ይህን የምንጽፈው ድመት ሁሉ 38 ዓመት ይኖራል ለማለት አይደለም፤ የ10 ወይም የ12 ዓመት ድመት ባየን ጊዜ «ከእንግዲህስ ዘመኗ አልቋል» ብሎ መፍረድ የችኰላ ፍርድ መሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ።

ችግሩ ድመት ሕመሟን የምትሰውር እንስሳ መሆኗ ነው። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፥ ከጌታው እግር ሥር ይወድቃል። በሬ ሲያመው ገበሬው ከርምጃው ያውቀዋል። ድመት ግን ራሷ አዳኝ ብትሆንም በትልልቆቹ አራዊት የምትታደን ትንሽ ፍጥረት ስለ ሆነች ድካሟን ለማንም ማሳየት አትወድም፤ ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። ስለዚህ የታመመችው ድመት ጩኸት አሰምታ ሐኪም አትጠራም፤ የቤቱ ሰው ዓይን ነው ሐኪም የሚጠራላት። የቤቱም ሰው የሚያየውን ሁሉ «አረጀች» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይተወዋል። አልጋ ላይ መዝለል ተወች፤ አረጀች። ጠጕሯን መላስ ትታ ጀርባዋ እንደ ጭድ ተጐሳቈለ፤ አረጀች። ከሣጥኗ ውጭ ሸናች፤ አረጀች፥ ደግሞም ባለጌ ሆነች። ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ ግን ሕመም ናቸው፤ ሕመምም እንደ መሆናቸው ብዙዎቹ ይታከማሉ።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በታተመ አንድ ምርመራ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያለፈ 100 ድመቶችን የራጅ ፎቶግራፍ ተመልክተው ነበር፤ በ90ዎቹ አጥንት ላይ የመጋጠሚያ ሕመም፥ በእኛ አነጋገር ቍርጥማት፥ ምልክቱ ተገኝቷል። እንግዲህ ያቺ ከመስኮት ላይ መውጣት የተወችው ድመት ስንፍና ይዟት ሳይሆን ጕልበቷ እየጠዘጠዛት እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ከሣጥኗ ውጭ የምትሸናውም አብዛኛውን ጊዜ የሣጥኑን ጠርዝ መሻገር ስለሚያማት ነው፤ መምታትና መጮኽ ምንም አይጠቅማትም።

ስለዚሁ ነገር የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ውሮ የምትባል ድመት 13 ዓመት ኖራለች። መዝገብ ቤት ማለት፥ ያላየው ሰው እንዲያውቀው ያህል፥ ከወለል እስከ ጣራ ወረቀት የተከመረበት ክፍል ነው፤ ለአይጥ ከዚህ የሚሻል ጐጆ በዓለም የለም። አይጥ የሰውን የርስት ክርክር ከነማኅተሙ ቈርጥማ ለልጆቿ ጕዝጓዝ ብታደርገው ዳኛው ምን ይዞ ይፈርዳል? ውሮ እንግዲህ ያለ ደመወዝ የብዙ ሰው መብት ጠባቂ ነበረች ማለት ነው፤ ደመወዟም ጸሐፊዎች ሳንቲም አዋጥተው በየሳምንቱ የሚገዙላት ሳንባ ነበር። በ13ኛው ዓመት መደርደሪያ ላይ መውጣት አቆመች፤ የተሰጣትን ሳንባ አሽትታ ትታው ትሄድ ጀመር፤ አይጦችም በቀን ብርሃን መታየት ጀመሩ። ከሹሞቹ አንዱ «በጆንያ አድርጋችሁ ከወንዝ ማዶ ጣሏትና ሌላ አምጡ» ሲል አዘዘ።

አንድ ሽማግሌ ተላላኪ ግን «ጌታዬ፥ 13 ዓመት ያገለገለ ሰው እንኳ ሲሰናበት አንድ ሳምንት ይሰጠዋል» ብሎ ለምኖ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ሁለት ጥርሶቿ ከሥራቸው በስብሰው አገኘ፤ የኋላ እግሮቿም መጋጠሚያ ደርቆ ነበር። ጥርሶቹ በማደንዘዣ ተነቀሉ፤ ለቍርጥማቱም ለድመት የተፈቀደ መድኃኒት በልክ ታዘዘላት። ተላላኪው ከመደርደሪያው አጠገብ ባዶ ሣጥኖችን እንደ ደረጃ አድርጎ ደረደረላት። በ10 ቀን ውስጥ ሳንባዋን መብላት ጀመረች፤ በወሩ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ተገኘች። እንደ ቀድሞው አይጥ አልያዘችም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ነገር ግን አንድ ግልገል ድመት ረዳት ተደርጎ ተሰጣትና ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ኖረች። ያም ሹም ኋላ የሻይ ወተቱን ሊሰጣት ሲሞክር አይተነዋል፤ ስለ ወተት ግን ወደ ታች የምንለው አለን።

ወደ ምክሩ እንመለስ። ጸሐፊዎች እንደ መሆናችን መዝገብ መውደዳችን አይቀርምና የመጀመሪያው ምክራችን ለድመቲቱ መዝገብ ያዙላት የሚል ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን ክብደቷ ይጻፍ። ሚዛን ያለው ሰው ድመቲቱን ታቅፎ ይመዘን፤ ቀጥሎም ብቻውን ይመዘንና ያንን ከዚህ ይቀንስ። ከዚህ የሚሻለው ግን በዘንቢል አድርጎ በሱቅ ሚዛን ማስመዘን ነው፤ የሰው ሚዛን ጥቂት ግራም አይቈጥርምና። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 3 ኪሎ ከ600 ግራም ስትሆን ለዓይን ምንም አይታወቅም፤ ጠጕሯ ይሸፍነዋል። ነገር ግን ከሰውነቷ ከዐሥር አንዱ ሄዷል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ ከስቶ ቢታይ ዘመዶቹ ዝም ይሉ ነበርን? ይህን ያህል የቀነሰች ድመት ሳትዘገይ ሐኪም ይያት።

በመዝገቡ ላይ ሁለተኛው የሚጻፈው የምትጠጣው ውሃ ነው። ድመት የምድረ በዳ ዘር ስለ ሆነች በተፈጥሮዋ ብዙ አትጠጣም። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃታል፤ ይኸውም ለ4 ኪሎ ድመት 200 ሚሊ ሊትር፥ በቡና ሲኒ ቢለካ ሦስት ሲኒ ገደማ መሆኑ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ያለውም ውሃ ከዚሁ ይቈጠራል። ሳህኗን በለካችሁት ውሃ ሞልታችሁ በማግሥቱ የቀረውን ብትለኩ የጠጣችውን ታውቃላችሁ። ከዚህ እጥፍ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም ቀድሞ ውሃ ስትጠጣ ታይታ የማታውቅ ድመት ከባልዲና ከገንዳ ስትጠጣ የታየች እንደ ሆነ፥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ብዙ ጊዜ ኵላሊት ነው። በአሮጌ ድመቶች ዘንድ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ብርቱ በሽታ ጥቂት ነው። ኵላሊት ቀስ በቀስ ሲሞት የቀረው ክፍል የሞተውን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ ባለቤቱ ምንም አያውቅም፤ ሽንቱ ቀጥኖ እንደ ውሃ መሆን የሚጀምረው ከኵላሊቱ ሥራ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ድመት ጤነኛ ብትመስልም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ደሟና ሽንቷ ቢመረመር መልካም ነው። የሞተ ኵላሊት አይመለስም፤ የቀረውን ግን ብዙ ውሃ በማጠጣት፥ ሐኪሙ በሚያዝዘው ምግብና መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ማቈየት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ብዙ የምትሸና ድመት ወለል አበላሸች ተብሎ ውሃ አይከልከላት። ውሃ የተከለከለ የኵላሊት ሕመምተኛ በጥቂት ቀን ይሞታል።

አሁን ለጠየቁን እመቤት እንመልስ። እየበላች የምትከሳ፥ ዕረፍት የሌላት፥ በሌሊት የምትጮኽ አሮጌ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሟ በአንገቷ ውስጥ ካለው፥ በሰው ላይ ሲያብጥ እንቅርት ከምንለው ዕጢ ነው። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ሰውነት እንደ ተራገበ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለበትን እንጨት ሁሉ ይበላል፥ ምንም አይተርፍም፤ ልብም ያለ ልክ ይመታል። ይህ በሽታ በድመት ላይ ተለይቶ የታወቀው በቅርብ ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 በአሜሪካ አገር ነው፤ ዛሬ ግን በደም ምርመራ ይታወቃል፥ በየቀኑ በሚሰጥ ክኒንም ይበርዳል። የስኳር በሽታም ይህንኑ የሚመስል መልክ አለው፤ ይልቁንም ወፍራም በነበሩት ላይ ይታያል። ስለዚህ እመቤት ሆይ፥ ድመትዎን አይተዋት፤ ደሟን ያስመርምሩ። መመርመሪያውም ከአንድ ጥሩ ሻሽ ዋጋ ብዙ የሚርቅ አይመስለንም።

የሌሊቱ ጩኸት ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የኵላሊትና የእንቅርት ሕመም ሁለቱም ደም ብዛትን ያስከትላሉ፤ ደም ብዛት ደግሞ የዓይንን ውስጠኛ መጋረጃ ከቦታው ይገፈዋል። ትናንት ታይ የነበረች ድመት ዛሬ ከወንበር እግር ጋር ስትጋጭና ብሌኗ በፀሐይ ብርሃን እንኳ ሰፍቶ ሲታይ ይህ መሆኑን ጠርጥሩ፤ በዚያው ቀን የታከመች እንደ ሆነ አንዳንዴ ብርሃኗ ይመለሳል። የጆሮ መደንቈርና የአእምሮ መድከምም አሉ፤ እነዚህን ሐኪም አያድናቸውም፥ ነገር ግን በምትተኛበት ክፍል ትንሽ መብራት ማቈየትና ዕቃውን ከቦታው አለማዛወር ፍርሃቷን ይቀንስላታል።

ስለ አፏ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ድመት 30 ጥርስ አላት። በእርጅና ጊዜ ከጥርሶቿ ብዙዎቹ ከድድ ሥር ይቦረቦራሉ፤ ምግቡ ፊት ቀርባ አሽትታ ትመለሳለች፥ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ታኝካለች፥ ለሃጯም ይዝረከረካል፥ አፏም ይገማል። እዚህ ላይ ግን አንባቢዎቻችን ይጠንቀቁ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ገና አልጠፋም፤ ድመትንም ይይዛል፤ ለሃጭ መዝረክረክና መዋጥ አለመቻልም ከምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፥ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም የምትደበቅ፥ ለሃጯም የሚወርድ ድመት ባያችሁ ጊዜ ጣታችሁን ወደ አፏ አታግቡ። ልጆችን አርቁ፤ በአንድ ክፍል ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። የነከሰችው ሰው ካለ ቍስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ጭንቀት እንዳይመጣ በየጊዜው የሚሰጠው ክትባት አለ፤ «አርጅታለች፥ ምን ያደርግላታል» ተብሎ መተው የለበትም። ክትባቱ ለእርስዋ ብቻ አይደለም፥ ለልጆቻችሁም ነው።

ምግብ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው፤ ስሕተትም የሚበዛው በዚሁ ነው። በአብዛኛው ቤት ድመት የምትመገበው ከገበታ የተረፈውን በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባል፥ በሥጋ እንጂ በእህል የማይገኝ ነገር ካጣች ልቧ ይሰፋል፥ ዓይኗም ይጠፋል። እንጀራው ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም፤ ወጡ ደግሞ ጕዳት ያደርስባታል። በወጣችን ሁሉ ብዙ ሽንኵርት አለ፤ ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኵርት ቢበስልም ባይበስልም የድመትን ቀይ ደም ያፈርሰዋል። ጕልማሳዋ ጥቂቱን ትችለው ይሆናል፤ ያረጀችውና ደሟ በኵላሊት ሕመም የቀነሰው ግን አትችለውም። ስለዚህ ሥጋው ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት የእርስዋ ድርሻ ተቈርጦ ለብቻው ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ይቀቀል።

ከሥጋ ቤት የሚገዛው ሳንባ ርካሽ ነው፥ ትወደዋለችም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከልብ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል፤ ልብ ታውሪን የበዛበት ነውና። ሁሉም ይቀቀል፤ ጥሬ ሥጋ በውስጡ ትላትልና ሌላ ተውሳክ ይኖርበታል። የተቀቀለበት መረቅም አይደፋ፥ ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣልና፤ ውሃ የምትፈልግ አሮጌ ድመት ደግሞ መረቁን በደስታ ትጠጣዋለች። ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ይሰጣት፤ በየቀኑ ጉበት ብቻ የምትበላ ድመት የአንገት አጥንቷ እየደደረ ይሄዳል። የተቀቀለ አጥንት አይሰጥ። ወተትን ድመት ሁሉ ይወዳል ተብሎ ይነገራል፤ እውነት ነው፥ ይወዳል፤ ነገር ግን ብዙ ዐዋቂ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉምና ያስቀምጣቸዋል፤ ለአሮጊት መቀመጥ ደግሞ ውሃ ማጣት ነው።

በጾም ወራት የሚሆነው ነገር ያሳዝናል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀኖች ሥጋ በቤት አይገባም፤ ድመቲቱም ሽሮ ፊት ተቀምጣ ትውላለች። ጾም የታዘዘው ለሰው እንጂ ለድመት እንዳልሆነ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ለእንስሳ የተጻፈ ሥርዓተ ጾም አላየንም። ወጣት ድመት በአይጥና በወፍ ትሻገረዋለች፤ ያረጀችው ግን አደን አትችልም። ዐሥር ቀን የተቀቀለ እንቍላል፥ ዐሥር ቀን ዓሣ ቢሰጣት የቤቱን ጾም አያፈርስም፤ ለድመት ብቻ የሚሆን ሥጋም በሙስሊሞች ሥጋ ቤት ይገኛል። ጕርሻውን ማሽተት ያስነቅፈኛል የሚል ሰው ለልጁ ወይም ለሠራተኛው ያዝዝ። ይልቁንም ወፍራም የነበረች ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ብትውል ስብ በጉበቷ ላይ ይከማችና ለሞት ያደርሳታል፤ «ሲርባት ትበላለች» የሚለው አነጋገር ለድመት አይሠራም።

ከምግብ ቀጥሎ የምንፈራው የሰው መድኃኒት ነው። አንዲት ርኅሩኅ እመቤት ድመቷ ስታነክስ አይታ ለራሷ የምትውጠውን ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል ቈርሳ ብትሰጣት ገደለቻት ማለት ነው። የሰው ጉበት ያንን መድኃኒት ያከሽፈዋል፤ የድመት ጉበት ግን ለዚህ የሚሆነው ኀይል የለውም። የ500 ሚሊ ግራም ክኒን እኵሌታ እንኳ አንዲት ድመት ይገድላል፤ ድዷ እንደ ቡና ይጠቍራል፥ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ይህ ከሆነ ማደር የለም፤ ፈጥኖ የደረሰ ሰው ማርከሻ ያገኛል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል፤ ላምባ መቀባትም ቈዳዋን ያቃጥላል፥ ስትልሰውም ሳንባዋ ይገባል። የአይጥ መርዝን በተመለከተ ድመት ባለበት ቤት መርዝ ማኖር ከጥንቱም ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ የተመረዘችውን አይጥ ሩጫ ያቃታት አሮጊት ድመት ናት የምታገኛት።

ስለ መኝታዋ በአጭሩ እንለፍ። በክረምትና በኅዳር፥ በታኅሣሥ ብርድ የከሳ ሰውነት ሙቀት ይሻል፤ አሮጌ ጋቢ የተነጠፈበት ሣጥን ከወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጥላት። ከሰል ማንደጃ አጠገብ ግን አትተኛ፤ ያረጀች ድመት ጠጕሯ ሲያርር ፈጥና አትነሣም። የመጸዳጃዋ ሣጥን በአንድ ወገን ጠርዙ ዝቅ ይበል፥ አሸዋውም በየቀኑ ይጠረግ። በዚህ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ጠረጋውን ለሌላ ሰው ትተው፤ ከድመት ዓይነ ምድር ለፅንስ የሚጐዳ ተውሳክ ሊገኝ ይችላል፤ ተውሳኩ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ መጥረጉ ራሱ ትልቅ ጥበቃ ነው። ጥፍሮቿም ይታዩ፤ እንጨት መቧጨር ስለምትተው እያደጉ ተመልሰው መዳፏን ይወጓታል።

የእንስሳት ሐኪም ዛሬ በብዙ ከተሞች ይገኛል፤ በቢሾፍቱ ያለውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ሙያ ብዙ ሐኪሞች ያስተማረ ነው። «ለድመት ሐኪም!» ብለው የሚሥቁ እንዳሉ እናውቃለን። በጓዳቸው ጤፍ ያላቸው ሰዎች ግን 10 ዓመት ሙሉ አይጥ ያልበላውን ጤፍ ዋጋ ቢያሰሉ ሣቁ ይቀርላቸዋል ብለን እናምናለን። ድመቲቱን ስትወስዱ ክዳን ባለው ቅርጫት፥ የምታውቀው ጨርቅ ተነጥፎላት ትሂድ፤ በእቅፍ ይዞ በታክሲ መሄድ ለእናንተም ለእርስዋም ጭረት ነው። ደብተሩንም አትርሱ፤ ሐኪሙ ከአንድ ሰዓት ወሬ ይልቅ የስድስት ወር ክብደት በቍጥር ቢያይ ይወዳል።

የማይታከም ጊዜም ይመጣል። በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ በየማታው አንድ ቃል ጻፉ፤ በልታ፥ ጠጕሯን ልሳ፥ ወደ ሰው መጥታ የዋለችበትን ቀን «ደኅና» በሉ፤ ያልሆነውን «ክፉ» በሉ። ክፉዎቹ ቀኖች ከደኅናዎቹ የበለጡ እንደ ሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል። በመርፌ አስተኝቶ ያለ ስቃይ ማሳረፍ ለሐኪም የተፈቀደ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ኅሊናው አይቀበለውምና የሕመም ማስታገሻ እየተሰጣት በቤቷ እንድትሞት ይመርጣል፤ ሁለቱንም አንነቅፍም። የምንነቅፈው ጆንያውን ነው። ዐሥር ዓመት ምድጃ ሥር የተኛችን ፍጥረት ከወንዝ ማዶ ጥሎ መመለስ ራስን ከማየት ማዳን ነው እንጂ እርስዋን ከስቃይ ማዳን አይደለም፤ በዚያ በውሻና በጅብ መካከል የምታድረውን ሌሊት የጣላት ሰው አያያትም። በሐኪም መርፌ የሞተችውንም ቆሻሻ ላይ መጣል አይገባም፤ መድኃኒቱ በሥጋዋ ውስጥ ስለሚቈይ የበላት ውሻ፥ ጅብ ወይም አሞራ ይሞትበታል። ከጕድጓድ ውሃ ርቆ አንድ ሜትር ያህል ይቈፈርላት፤ አፈሩ ከተመለሰ በኋላም እንዳይቈፍሯት ድንጋይ ይጫንበት።